ጥቁር ክር ያለባት እንቁራሪት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ውስጥ ቡና እየጠጣን ሳለ አንዲት የላቦራቶሪ ተማሪ «ጋሼ፣ ፀረ-ተሕዋስ ፔፕታይዶች የባክቴሪያን ሕዋስ ሲበሱ የእኛን ለምን ይተዋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ፔፕታይዶች ማለት አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ቅንጣቶች የተሰኩ፣ ከፕሮቲን ያጠሩ ክሮች ናቸው፤ ፀረ-ተሕዋስ የሚባሉት ባክቴሪያን የመሰሉ ጀርሞችን የሚገድሉት ናቸው። መልሱን ጀመርሁና መሃል ላይ ቃል አጠረኝ። ጥያቄው ከብዶኝ አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት የሰማሁት ሌላ ጥያቄ ትዝ ብሎኝ ነው።

በ1978 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ለተግባር ትምህርት እንቁራሪት ስንፈልግ ወንዶቹ ቅዳሜ ወደ ቦርከና ረግረግ ይወርዱና በቆርቆሮ ጣሳ ይዘው ይመለሱ ነበር። ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነስቶ ያንን ጠመዝማዛ አቀበት በአውቶቡስ መውጣት፣ ከዚያም የደሴውን የጦሳ ተራራ ብርድ መቀበል፣ ለእንቁራሪቶቹም ሳይከብዳቸው አይቀርም። አንድ ጊዜ ጣሳው በመንገድ ተገልብጦ ተሳፋሪው ሁሉ እግሩን ወንበር ላይ ሰቀለ፤ ልጆቹ ይህን ሲያወሩልኝ በሳቅ ፈርሰው ነበር።

ከመጡት አንዷን የጣሳው ጠርዝ ጎኗን ተርትሯት ነበር። ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ተማሪ ከቤቷ መርፌና ጥቁር ክር አምጥታ ሰፋቻት። መልሳም አረንጓዴ ዝቃጭ ካዘለው ሳፋ ውስጥ ከተተቻት። እኔ በማግስቱ ትሞታለች ብዬ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ልጅቷ እንቁራሪቷን በእጇ ይዛ መጣች፤ ቁስሉ ገጥሟል፣ ዙሪያው ንጹሕ ነው። «መምህር፣ ውሃው እንዲህ ቆሽሾ ለምን አላመረቀዘም?» አለችኝ። «ይህ በፈተና አይመጣም፤ ጣያትና ቁጭ በይ» አልኋት። ክፍሉ ሳቀ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያቺ ልጅ እጇን አውጥታ አላየሁም።

ከዓመታት በኋላ ነው ያነበብሁት። ማይክል ዛስሎፍ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ተመራማሪ የአፍሪካ ጥፍራም እንቁራሪቶችን እየቀደደ እንቁላል ያወጣባቸው፣ ሰፍቶም ወደ ቆሻሻ ገንዳ ይመልሳቸው ነበር። ቁስላቸው አላመረቀዘም። ለምን ብሎ ቆዳቸውን መረመረና እ.ኤ.አ. በ1987 ሁለት ፔፕታይዶችን ይፋ አደረገ። እያንዳንዳቸው 23 አሚኖ አሲዶች አሏቸው፤ ጋሻ ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል ተነስቶ ማጋይኒን አላቸው።

የእኔዋ ተማሪ ያንን ታገኝ ነበር አልልም፤ አንድ የረባ ማይክሮስኮፕ እንኳን አልነበረንም። ግን ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳኝ፣ ጥያቄው አንድ ነበር እላለሁ፤ ጥያቄው እኮ መሣሪያ አይፈልግም ነበር።

አሁን ወደ መልሱ። ማጋይኒን በውሃ ውስጥ ሳለ ልቅ ክር ነው፤ የሕዋስ ሽፋን ላይ ሲያርፍ በእንዝርት ላይ እንዳለ ፈትል ይጠቀለላል። ሲጠቀለል አንደኛው ጎኑ ውሃ ወዳጅ፣ ሌላኛው ቅባት ወዳጅ ይሆናል። በዚያ ላይ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው። የባክቴሪያ ሽፋን ውጫዊ ገጽ አሉታዊ ስለሆነ ይስበዋል። የእኛ ሕዋስ ውጫዊ ገጽ ግን አብዛኛውን ገለልተኛ ነው፤ ኮሌስትሮልም ሽፋኑን ያጠነክረዋል። ፔፕታይዶቹ ሽፋኑ ላይ እየበዙ ሲሄዱ በመካከሉ ቀዳዳ ይከፍታሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ እንደ ምንጣፍ ተነጥፈው ልክ እንደ ሳሙና ይበታትኑታል። የሕዋሱ ሆድ ዕቃ ይፈሳል።

ሁሉም ግን አይበሱም፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው። ንብን ውሰዱ። መርዟ ውስጥ ያለው ሜሊቲን 26 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን የእኛንም ቀይ የደም ሕዋስ ሳይለይ ያፈርሳል። ያችው ንብ ራሷን ከባክቴሪያ የምትከላከልበት አፒዳኤሲን ደግሞ ሽፋኑን ሳይቀድ ባክቴሪያው ራሱ ባለው የማጓጓዣ ፕሮቲን በኩል ይገባል፤ ውስጥ ገብቶም ፕሮቲን የሚሠራውን ራይቦዞም ሥራ ያስቆማል። ቡፎሪን ሁለት የሚባለው፣ መነሻው ከእስያ ጉርጥ የሆነ፣ እርሱም ሽፋኑን ሳያፈርስ አልፎ ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃል። አንዱ ግድግዳ አፍርሶ፣ ሌላው በበሩ።

መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰዱ የሚለውን አልደግመውም፤ ታውቁታላችሁ። የምለው ሌላ ነው። የዛሬ ልጆች መልስ ለማግኘት በጣም ትቸኩላላችሁ። ስልኩ ከእጃችሁ ስለማይለይ ጥያቄው በውስጣችሁ አንድ ሌሊት እንኳን አያድርም። ይህን ስል ያቺ የኮምቦልቻ ተማሪ ስለ ፔፕታይድ መጀመሪያ ያነበበችው በስልኳ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ እኔ በእርሷ ዕድሜ ቃሉንም አልሰማሁት። ቢሆንም አስተያየቴን አልለውጥም። የምታዩትን ነገር በእጃችሁ ያዙት፤ ሳፋ ውስጥ አኑሩትና አሥራ አንድ ቀን ጠብቁት። ማጋይኒንን አሻሽለው ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ያዘጋጁት ቅባት እንኳን በ1999 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎችን ይሁንታ አላገኘም። ሥራው ገና ብዙ ጠባቂ ይፈልጋል።

የእንቁራሪቷን ታሪክ ለተማሪዋ ነገርኋት። ስኒዋን አስቀምጣ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ክሩንስ ማን ፈታላት?» አለችኝ።

ማንም አልፈታውም። ክሩ እንዳለ በአጥር ላይ አስወረወርኋት።