ኪቦርዱን ገልብጣችሁ እዩት

ልጆቼ፣ ጥገና በጀመርኩ ሰሞን አንድ የአይቢኤም ፒሲ በተከፈተ ቁጥር 301 የሚል ቁጥር እያሳየ አስቸገረኝ። ትልቁን ሣጥን ፈታሁ፣ ካርዶቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ መለስኩ፣ ሁለት ቀን ለፋሁ። ለካ 301 ማለት «ጥፋቱ ኪቦርዱ ጋ ነው» ማለት ኖሯል! አለቃዬ ካቻቢቴውን ከእጄ ወስደው ኪቦርዱን ገልብጠው ከፈቱት። ገመዱ ውስጥ አንዲት ሽቦ ተበጥሳለች። የእኔ ዓይን ግን አርባ እግር ያላት ጥቁር ቺፕ ላይ ቀረ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት፣ ጋሼ?»

«ኮምፒዩተር ናታ!»

እውነታቸውን ነው። ኢንቴል 8048 ትባላለች፤ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣች ናት። 64 ባይት ራም፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ አላት፤ ፕሮግራሟ ፋብሪካ ላይ የታተመባት አንድ ኪሎባይት ነው። 83ቱን ቁልፎች ያለ ዕረፍት ስትቃኝ ትውላለች። የ«ኤ»ን ቁልፍ ስትጫኑ 30፣ ስትለቁ 158 ትልካለች። የምትልከው የቁልፉን ቁጥር እንጂ ፊደሉን አይደለም፤ ፊደሉን የሚወስነው ከወዲያ ያለው ሶፍትዌር ነው። በእንግሊዝኛ ኪቦርድ አማርኛ የምንጽፈውም በዚሁ በር ገብተን ነው።

ያንን አንድ ኪሎባይት የጻፈው ሰው ስም ኪቦርዱ ላይ የለም። ስለ 1981ዱ (እ.ኤ.አ.) የአይቢኤም ፒሲ ሲወራ የሚነሣው የሣጥኑ ዋና አንጎል የሆነው ቺፕ፣ 8088፣ ብቻ ነው፤ ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የኢንቴል የመጀመሪያው ማይክሮፕሮሰሰር (በአንድ ቺፕ ላይ የተሠራ የኮምፒዩተር አንጎል)፣ 4004ም ቢሆን የተወለደው ቢዚኮም ለተባለ የጃፓን ኩባንያ የሒሳብ ማሽን ነው። ኩባንያው የላከው ወጣት መሐንዲስ ማሳቶሺ ሺማ ከኢንቴሉ መሐንዲስ ከፌዴሪኮ ፋጂን ጋር ተቀምጦ የቺፑን ሎጂክ ሠራ። ፋጂን በቺፑ ጠርዝ ላይ የስሙን ሁለት ፊደላት ቀርጿል፤ ደግ አደረገ። ሺማ በኋላ 8080 እና ዜድ80 በተባሉት ማይክሮፕሮሰሰሮችም ላይ ሠርቷል፤ ዛሬ ግን ስሙን ስጠይቃችሁ ዝም ትሉኛላችሁ።

ስለዚህ የተጣለ ኪቦርድ፣ ፕሪንተር፣ የሒሳብ ማሽን ስታገኙ ፈታችሁ እዩ፤ በቺፑ ጀርባ የተጻፈውን ቁጥር አንብባችሁ ፈልጉ። ማይክሮዌቭ ግን አደራ፣ እንዳትነኩ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ይገድላል።

የዚያን ኪቦርድ ገመድ ቀየርን፣ 301ም ጠፋ። ባለቤቶቹ ሊወስዱ ሲመጡ «ምን ነበር?» አሉኝ። «ገመድ» አልኩ። ሁለት ቀን ለምን እንደፈጀ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸው።