ሳይረኑን ለማንሰማ ሰዎች፦ ስለ ጎርፍ፣ መብረቅና አውሎ ነፋስ ጥያቄና መልስ

ከልጅነቴ ጀምሮ ጆሮዬ አይሰማም። ስለ ከባድ የአየር ሁኔታ የጠየቃችሁኝን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ነው የምኖረው። ሌሊት ማስጠንቀቂያ ቢነገር በምን ልነቃ እችላለሁ?

እኔንም ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ቀን ሰማዩን ታያለህ፣ ሰው ሲሯሯጥ ታያለህ። ሌሊት ግን ዓይንም ይከደናል፤ የሚቀርህ ሰውነትህ ነው። ፍራሽ ወይም ትራስ ሥር ተቀምጦ በኃይል የሚንቀጠቀጥ ማንቂያ አለ። ከአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ ሬዲዮ ጋር የሚያያዝና መብራቱም አብሮ ብልጭ ድርግም የሚል አለ። መብራት ሲጠፋም እንዲሠራ መጠባበቂያ ባትሪ ያለውን ምረጥ። ስልክህ ላይ ብቻ አትተማመን፤ ንዝረቱ ደካማ ነው። የአደጋ ማስጠንቀቂያው መከፈቱንም ቅንብሩ ውስጥ ገብተህ አረጋግጥ።

ደግሞ ለምታምነው ጎረቤት ቁልፍ ስጥ። በር ቢንኳኳ ለእኛ ምን ይጠቅማል? ገብቶ ትከሻህን የሚነካህ ሰው ነው የሚያስፈልግህ።

ጥያቄ፦ ነጎድጓዱን ካልሰማሁ መብረቁ መቅረቡን በምን አውቃለሁ?

ብልጭታውን ካየሽ ቤት ግቢ፣ በቃ። የሚሰሙ ሰዎች ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያለውን ሰከንድ ይቆጥራሉ፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛ መቁጠር ስለማንችል ርቀቱን ለመገመት አንሞክር። መብረቅ ዝናቡ ካለበት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆም ሊመታ ይችላል። ከመጨረሻው ብልጭታ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጪ። ዛፍ ሥር መጠለል አይታሰብም።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ የመስሚያ መሣሪያ ታደርጋለች። ምን ላዘጋጅላት?

ውኃ የማያስገባ ከረጢት፣ እርጥበት የሚመጥ ማድረቂያና ትርፍ ባትሪ። ክብ የዚንክ ባትሪ ከሆነ የተለጠፈበትን አስቀድመሽ አትላጪ። አየር ከገባው ባትጠቀሙበትም ማለቅ ይጀምራል። በቻርጅ የሚሠራ ከሆነ ፓወር ባንክ ሙሉ ይሁን። መሣሪያውን ማታ ማታ ሁሌ አንድ ቦታ አስቀምጡት፤ በጨለማ እንዳትፈልጉት። «አሁን እንውጣ» የሚል የእጅ ንክኪም ተስማሙና ተለማመዱት። ልጅሽ ስትደነግጥ የምታስታውሰው የለመደችውን ነው።

ጥያቄ፦ ጎርፍ ባለበት መንገድ መንዳት ይቻላል?

አይቻልም። 15 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውኃ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። «ተመለስ!» ብሎ የሚጮህልንንም አንሰማም።

ጥያቄ፦ ጨለማ ውስጥ በምልክት ቋንቋ እንዴት እናውራ?

የእጅ ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት ወይም ስቀሉት፤ ፊትና እጅ ላይ ይብራ። ግንባር ላይ የሚታሰረው ፊት ለፊት ያለውን ሰው ዓይን ስለሚወጋ ለንግግር አይመችም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 70 ነው። አዳኞች ቢመጡ እንዴት ልግባባ?

«መስማት አልችልም። ይጻፉልኝ ወይም ፊት ለፊት ሆነው በቀስታ ይናገሩ» የሚል ካርድ ላስቲክ ውስጥ አድርገው ኪስዎ ይያዙ። እስክሪብቶና ወረቀትም አይለይዎት። ኔትወርክ ሲጨናነቅ ከጥሪ ይልቅ አጭር የጽሑፍ መልዕክት የማለፍ ዕድል አለው። መልዕክቱን ሲልኩ መስማት እንደማይችሉ ከሁሉ አስቀድመው ይጻፉ። አለዚያ ደውለው ስልኩ ካልተነሳላቸው ቤት የሉም ብለው ሊያልፉዎት ይችላሉ።