ሁለቴ ተጠርጎ የተመለሰ የዓይን ቆብ እብጠት

እህቴ፣ እናትሽን ይማርልሽ። ጥያቄሽ ይህ ነው፦ የ58 ዓመት እናትሽ ላይኛው የዓይን ቆባቸው ላይ እብጠት ወጥቶ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ «ካላዚዮን ነው» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ተጠረገ። አሁን እዚያው ቦታ ተመልሷል፤ አያማቸውም፣ ሽፋሽፍታቸው ግን እየሳሳ ነው። ሦስተኛ ይከፈት ወይ?

ናሙናው ለፓቶሎጂ (ቁራጩ በማይክሮስኮፕ ለሚመረመርበት ላቦራቶሪ) ሳይላክ አይከፈት። ካንሰር ነው ማለቴ አይደለም፤ በዓይን ታይቶ «አይደለም» ማለትም አይቻልም ነው የምልሽ።

ቆቡ ውስጥ ቅባት የሚያመነጩ ትንንሽ ዕጢዎች ተደርድረዋል፤ ከታችኛው ይልቅ ላይኛው ቆብ ላይ ይበዛሉ። ካላዚዮን ከእነዚህ አንዱ ሲደፈን የሚመጣ ነው። ሴባሺየስ ካርሲኖማ የሚባለው ካንሰርም ከነዚያው ዕጢዎች ይነሣል፤ ላይኛው ቆብ ላይ የሚበዛውና ካላዚዮን መስሎ የሚያታልለው ለዚህ ነው። አንዳንዴ እብጠት እንኳ የለውም፤ አንዱ ዓይን ብቻ ለወራት ቀልቶ፣ ጠርዙ ወፍሮ፣ ጠብታ እየተደረገለትም የማይድን ሆኖ ይመጣል። ኢንተርኔት ላይ የምታዪው «ከ10 የቆብ ካንሰር 9ኙ ቤዛል ሴል (ሌላ ዓይነት የቆዳ ካንሰር) ነው፣ ታችኛው ቆብ ላይ ይወጣል» የሚለው ቆዳው ነጭ ለሆነ ሕዝብ የተቆጠረ ስለሆነ አያረጋጋሽ።

የሽፋሽፍቱ ነገር ዋና ምልክት ነው፤ ካንሰሩ የፀጉሩን ሥር ስለሚበላ። ግን ወሎ ውስጥ ይህን ሲያዩ መጠየቅ ያለበት አለ። ትራኮማ ቆቡን ቀልብሶት ፀጉሩን በወረንጦ ይነቅሉ ነበር ወይ? የሥጋ ደዌም ሽፋሽፍትና ቅንድብ ያረግፋል። እነዚህ ግን ብዙውን ጊዜ ጠርዙን በሰፊው ይነካሉ፤ እብጠቱ ባለበት ቦታ ብቻ የሳሳ ሽፋሽፍት ሌላ ነገር ነው። ቁንጭርም ቆብ ላይ ሲወጣ ቆስሎ ካንሰር ይመስላል፤ እሱ ከቁስሉ ጠርዝ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይፈለጋል።

ደሴ ውጡና የዓይን ሐኪም ይያቸው፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም የዓይን ክፍል አለው። በስሊት ላምፕ (ዓይንን አጉልቶ በሚያሳይ ባለ ብርሃን መሣሪያ) ጠርዙን ማየት፣ ቆቡን ገልብጦ ውስጡን ማየት፣ ከጆሮ ፊት ለፊትና ከመንጋጋ ሥር ንፍፊት መዳሰስ የግድ ነው። ንፍፊት ከተገኘ ከእሱም በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ቆቡ ሳይገለበጥ ምርመራው አለቀ ከተባለ «ውስጡንም ይዩልን» በሉ፤ ነውር የለውም።

ብዙ የሚበላሸው ናሙናው ላይ ነው። ከላይ የተላጨ ቆዳ በቂ አይደለም፤ ሴባሺየስ የሚነሣው ከቆቡ ጠንካራ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ሲጠረጠር የቆቡን ሙሉ ውፍረት የያዘ ቁራጭ ተወስዶ ጠርዙ በትክክል ይሰፋል። ቁስል ካለ ከሞተው መሃል ሳይሆን ጤነኛው ቆዳ ከሚጀምርበት ጠርዝ ይወሰድ። በመቆንጠጫ የተጨፈለቀ ወይም በማቃጠያ የተጠበሰ ቁራጭ አይነበብም። ቁራጩ ወዲያው 10 በመቶ ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ይግባ፤ ፈሳሹ ከቁራጩ ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። ጨው ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል። ዕቃውም አፈ ሰፊና ክዳኑ የሚገጥም ይሁን፤ አፈ ጠባብ ብልቃጥ ውስጥ የገባ ቁራጭ ፎርማሊን ካጠነከረው በኋላ ሳይጎዳ አይወጣም። ናሙናውን ራሳችሁ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ስም፣ ቀንና «ላይኛው ቆብ፣ ቀኝ ወይም ግራ» የሚለው ዕቃው ጎን ላይ ይጻፍ፤ ክዳን ላይ የተጻፈ ክዳን ሲቀያየር ይጠፋል።

የመላኪያ ወረቀቱ ላይ «ሁለት ጊዜ የተመለሰ፣ ሴባሺየስ ካርሲኖማ ይጠረጠራል» ተብሎ እንዲጻፍ ለምኑ። «እብጠት» ብቻ ከተባለ ፓቶሎጂስቱ የሚፈልገውን ሳያውቅ ያነባል፤ ይህ ካንሰር ደግሞ ስኳመስ ሴል ከሚባለው ሌላ የቆዳ ካንሰር ጋር ይምታታል።

እስከዚያው እብጠቱን ከማስመሪያ ጋር በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺው፤ በየ2 ሳምንቱ ድገሚው። የቀድሞዎቹን ካርዶች ያዢ፤ ያኔ ናሙና ተልኮ እንደነበርም ጠይቂ። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ወይም መርፌ ያለ ናሙና ውጤት አይጀመር፤ መቅላቱን ለጊዜው አጥፍቶ ወራት ያስበላል። የቁልቋል ወተት የሚል ሰው ካለ በፍጹም፤ ዓይን ያጠፋል።

ውጤቱ «የቆየ ብግነት» ብሎ ቢመጣና እብጠቱ ግን ቢያድግ፣ ናሙናው የተሳሳተ ቦታ ነክቶ ሊሆን ስለሚችል ይደገም። ሪፈር ከተጻፈላችሁም ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ስላይዱንና (ናሙናው በስሱ ተቆርጦ የተለጠፈበትን መስታወት) የሰም ብሎኩን (የቀረው ቁራጭ የተቀመጠበትን ሰም) ጠይቃችሁ ተቀበሉ፤ ሌላ ሐኪም ድጋሚ ሊያነበው የሚችለው እሱን ነው።