ካታሊቲኩን ማን ገደለው? የአሮጌ ፒክአፕ ጥያቄና መልስ

ስለ ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ ማለትም የሞተሩን ጭስ ስለሚያጸዳው የጭስ ማውጫ ክፍል፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ሙያውን አዲስ አበባ ጀምሬ አሁን ኮሎራዶ የምሠራ መካኒክ ነኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ፦ ሰላም ጋሼ። የ2002 ታኮማ አለኝ፣ 3.4 ሊትር ቪ6፣ 230,000 ማይል ሄዷል። የቼክ ኢንጅን መብራት በራ፣ ኮዱ ፒ0420 ነው። ካታሊቲክ ቀይር ተባልኩ። ልቀይር?

ቆይ፣ ገና ኪስህን አትክፈት። ኮዱ ካታሊቲኩ ሞቷል አይልም። ከካታሊቲኩ በኋላ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ሲያየው ጭሱ የሚጠበቀውን ያህል አልጸዳም ነው የሚለው። ካታሊቲኩ ደህና ከሆነ፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ የኋላው ሴንሰር 0.6 ወይም 0.7 ቮልት አካባቢ ረጋ ይላል። ያለ ዕረፍት ወጣ ገባ ካለ ያኔ ካታሊቲኩን ጠርጥር። ከዚያ በፊት ግን ጭስ ማውጫው የሚተነፍስበት ቦታ መኖሩን እይ። አንዲት ያረጀች ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) አየር ካስገባች ሴንሰሩን ታሳስተዋለች።

በእርግጥ ሞቶ ከሆነ ደግሞ ገዳዩን ሳታገኝ አዲስ አትግዛ። ካንዴላ ወይም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቦቢና ደክሞ አንድ ሲሊንደር ሲስት፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊቲኩ ውስጥ ገብቶ ይነድዳል። የማር እንጀራ የመሰለው ሴራሚክ ይቀልጣል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ አትንዳ የሚባለው ለዚህ ነው። ዘይት የሚበላ ሞተር፣ ወይም የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን አልፎ የሚገባ የራዲያተር ውሃ ደግሞ ቀስ በቀስ ይመርዘዋል። አንድ ደንበኛ በዓመት ውስጥ ሁለት ካታሊቲክ ቀይሮ መጥቶልኛል። ጥፋቱ የአንዲት ቦቢና ነበር።

ያው ጠያቂ፦ ኢንተርኔት ላይ ርካሽ አግኝቼ ላዝ ስል «ወደ ኮሎራዶ አንልክም» አሉኝ። ለምን?

ሕጉ ነው። አሜሪካ ውስጥ ምትክ ካታሊቲክ ሁለት ዓይነት ነው፤ የፌዴራሉን መስፈርት የሚያሟላና የካሊፎርኒያው የአየር ጥበቃ ቦርድ፣ ካርብ የሚሉት፣ ያወጣውን የሚያሟላ። ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክና ሜይን የካርቡን ይጠይቃሉ። ኮሎራዶም ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ገብታበታለች።

ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም። ጭሱን የሚያጸዱት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ናቸው፤ ርካሹ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ነው። ዋስትናውን አይተህ ፍረድ፦ የፌዴራሉ ጭስ ለማጽዳቱ የሚሰጠው 25,000 ማይል ነው፣ የካርቡ 5 ዓመት ወይም 50,000 ማይል።

ከመግዛትህ በፊት ኮፈኑን ክፈትና የኢሚሽን (የጭስ መስፈርት) ተለጣፊውን አንብብ። መኪናው ለካሊፎርኒያ የተሠራ መሆን አለመሆኑን ይነግርሃል። እዚያው ያለውን የሞተር ፋሚሊ ቁጥር፣ የሞተሩን ዓይነት የሚለየውን፣ ጻፈው፤ ዓመትና ሞዴል ብቻ ይዘህ ከሄድክ የማይሆንህን ይሸጡልሃል። የካርብ ካታሊቲክ ገላው ላይ በ«ዲ» የሚጀምር የፈቃድ ቁጥር ተመቶበታል። ቁጥሩ ላንተ ሞተር የተፈቀደ መሆኑን ካርብ ድረ ገጽ ላይ አጣራ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ ሜሪላንድ ነኝ፤ ርካሹ አይበቃኝም?

ተለጣፊው የካሊፎርኒያ መኪና ነው ካላለ የፌዴራሉን መግጠም ትችያለሽ፣ እህቴ። ገና አምስት ዓመት የምትነጂው ከሆነ ግን ኮዱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የእጅ ዋጋ ሁለቴ መክፈል ያናድዳል።

ሌላ ጠያቂ፦ ያገለገለ ብገዛስ?

ይቅርብህ። ሱማሌ ተራ ለለመደ ሰው እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ እኔንም ከብዶኝ ነበር። እዚህ ግን ሳይፈተሽ ያገለገለ መሸጥም መግጠምም ክልክል ነው። ደግሞስ ከተጣለ መኪና የተነቀለ ካታሊቲክ ምን ሲውጥ እንደኖረ በምን ታውቃለህ?

ከሎስ አንጀለስ፦ ልጄ፣ ሌሊት ቆርጠው ወሰዱብኝ። አሁን ምን ላድርግ?

አይዞዎት አባቴ። ኢንሹራንስዎ ኮምፕሪሄንሲቭ ካለው ስርቆትን ይሸፍናል፤ ፖሊስ ሪፖርት ይያዙና ይደውሉ። ከመክፈልዎ በፊት የሴንሰሮቹ ሽቦ አብሮ መቆረጥ አለመቆረጡን ያስፈትሹ፣ ያም ወጪ ነው። አዲሱ ሲገጠም ከሥሩ የብረት መከላከያ ያስደርጉ። ሌባውን ጨርሶ አያስቀረውም፣ ግን ሥራውን ያረዝምበታል።

ከአዲስ አበባ፦ መካኒኩ «ይውጣ፣ ቤንዚን ይቆጥባል» አለኝ። እውነት ነው?

የተደፈነ ካታሊቲክ ሲወጣ የመኪናው ጉልበት ይመለሳል፣ እሱ እውነት ነው። ደህናው ግን ይህን ያህል አያፍንም። መደፈኑን ለማወቅ የፊቱን ሴንሰር ፈትቶ የግፊት ጌጅ መግጠም ነው፤ 2,500 ዙር ላይ ከ3 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ ካነበበ ተደፍኗል። ሳይለካ «ይውጣ» ካለህ፣ የወጣውን ማን እንደሚወስደው ጠይቀው። ውስጡ ያለው ብረት ገንዘብ ነው።

ታንከር ውስጥ የሚጨመረው ማጽጃስ?

የቀለጠ ሴራሚክ አያድንም። ብሩን ለካንዴላ አውለው።

ራሴ ብገጥመውስ?

ብየዳ የማይፈልገውን፣ በብሎን የሚታሰረውን ግዛ። የዛጉትን ብሎኖች ከዋዜማው ዘይት አጠጣቸው። ጓርኒሲዮኑን አዲስ አድርግ፣ ሲሊኮን ግን አትቀባ፤ ሴንሰሩን ያበላሽብሃል። ገላው ላይ ያለው ቀስት ወደ ኋላ፣ ወደ ማርሚታው (ድምፅ ማፈኛው) ይዙር። መጀመሪያ ስታስነሳው ትንሽ ቢጨስና ቢሸትህ አትደንግጥ፣ ሲሞቅ ይተዋል።