የእሁዱ ሩጫ ለምን ቅዳሜ ማታ ላይ ተመዘገበ?

እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። እሁድ እሁድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መስቀል አደባባይ ትሮጫለሽ። የጋርሚን የእጅ ሰዓትሽን የሩጫ መረጃ ከኤአይ ጋር ካገናኘሽው ወዲህ ግን «ቅዳሜ አምሽተሽ መሮጥሽ እንቅልፍሽን እየጎዳው ነው፣ እሁድን ደግሞ ጭራሽ ትተሽዋል» እያለ ይመክርሻል። ሰዓቱ ተበላሽቶ ይሆን፣ ሌላ ልግዛ ወይ ብለሻል። አትግዢ። ሰዓትሽ ጤነኛ ነው።

እኔ የምጠረጥረው ስልክሽን ነው። ያገለገለ ገዝተሽ የሱቁ ልጅ «አስተካክሎ» እንደሰጠሽ ጽፈሻል። ስክሪኑ ላይ ሰዓቱ የሚታየው በሐበሻ አቆጣጠር ነው አይደል? እንግዲያው ልጁ ታይም ዞኑን፣ ማለትም ስልኩ የየትኛውን አገር ሰዓት እንደሚከተል የሚወስነውን፣ ወደ አርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ ቀይሮታል። ይቺን ዘዴ ስንቱ ስልክ ላይ አይቻታለሁ! የአርጀንቲና ሰዓት ከእኛ 6 ሰዓት ወደኋላ ስለሚቀር ስልኩ በሐበሻ የሚቆጥር ይመስላል። ላዩ ያምራል፤ ከሥር ያለውን መዝገብ ግን ድብልቅልቁን ያወጣዋል።

ይህችን ነገር ዘርዘር ላድርጋት። የሩጫ ሰዓት «እሁድ 11፡30» ብሎ አይጽፍም። ሰከንድ ነው የሚቆጥረው። የጋርሚን ፋይል መቁጠር የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31፣ 1989፣ የዓለም ሰዓት መነሻ በሆነችው ግሪንዊች ላይ እኩለ ሌሊት ከሆነበት ቅጽበት ነው። በእኛ ለታኅሣሥ 22 ቀን 1982 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ይመዘግባል፣ በቃ። ሰዓቱን ከሳተላይት ስለሚወስድ ሰከንዱ አይሳሳትም። ያ ቁጥር ቀንና ሰዓት የሚሆነው ታይም ዞን ሲገባበት ነው። አዲስ አበባ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ቦነስ አይረስ 3 ሰዓት ትዘገያለች። አንቺ ሩጫ ስትጀምሪ ግሪንዊች ላይ በፈረንጅ ሰዓት 2፡30 ነው። ሦስት ደምሪበት፦ እሁድ 5፡30። ሦስት ቀንሺበት፦ 23፡30፣ ያውም የቅዳሜ! ኤአዩ የሚያየው ይህንን ነው። የተሰጠውን አምኖ ይመክራል።

ስልክሽ ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓት የሚለውን ክፈቺ። ታይም ዞኑን አውቶማቲክ አድርጊው። እምቢ ካለ አዲስ አበባን ወይም ናይሮቢን ምረጪ፣ ሁለቱም አንድ ናቸው። ከዚያ ሰዓትሽን ከጋርሚን አፕ ጋር ሲንክ አድርጊ (አገናኝተሽ አናብቢ)። የሐበሻ ሰዓት ማየት ከፈለግሽ ለዚያው የተሠራ አፕ ጫኚ። ለኤአዩ ስትጽፊ ግን በፈረንጅ ሰዓት ጻፊለት፤ «12 ሰዓት ሮጥኩ» ካልሽው እኩለ ቀን ሊመስለው ይችላል።

ያለፈው ሩጫሽ በተሳሳተው ሰዓት እንደተመዘገበ ይቆያል። ኮምፒውተር ላይ የጋርሚንን ድረ ገጽ ጋርሚን ኮኔክትን ከፍተሽ የሩጫ ዝርዝሩን በሲኤስቪ፣ ኤክሴል በሚያነበው የሠንጠረዥ ፋይል፣ አውርጂ። ኤክሴል ውስጥ አንድ ቀን ማለት 1 ስለሆነ፣ የቀኑ አምድ ላይ 0.25 ብትደምሪ 6 ሰዓቱ ይስተካከላል። ለኤአዩ ያንን ስጪው። ዝርዝሩ የሮጥሽበትን ካርታ ስለማይዝም እመርጠዋለሁ።

ከሰዓቱ በላይ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ያው የሱቁ ልጅ የጋርሚንን መረጃ ለኤአዩ የሚያደርስ ነፃ ማገናኛ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርዶ የጋርሚን ኢሜይልሽንና ፓስወርድሽን ራሱ አስገባልሽ። እህቴ፣ ፓስወርድሽን ለማንም አትስጪ። ደህና ማገናኛ ፓስወርድ አይጠይቅም። ወደ ኩባንያው ገጽ ይወስድሻል፣ እዚያው ትፈቅጂለታለሽ፣ ሲያሻሽ ፈቃዱን ትሰርዢበታለሽ። ፓስወርድሽ እጁ ላይ ያለ ሰው ግን ከየትኛው በር፣ በስንት ሰዓት፣ በጨለማ እንደምትወጪ ካርታው ላይ ያያል። ዛሬውኑ ቀይሪው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም አብሪው።

የልብ ምትሽ በቀላል ሩጫ 175 ላይ ተሰክቶ መቅረቱ ከማሰሪያው ይመስለኛል። «ኦርጅናል ነው» ተብሎ የተሸጠልሽ ደረቅ ፕላስቲክ አይጨብጥም። ሰዓቱ ሲወዛወዝ ሴንሰሩ የእግርሽን ርምጃ እንደ ልብ ምት ይቆጥረዋል፤ የሯጭ ርምጃ ደግሞ በደቂቃ በዚያው አካባቢ ነው። እነዚህ ርካሽ ማሰሪያዎች ስንቱን ሰው ልቤ ታመመ አሰኝተው አስደንግጠዋል! ለስላሳ ሲሊኮን ወይም ጨርቅ ግዢ፣ ከአንጓሽ አጥንት ከፍ አድርገሽ ጠበቅ አድርጊው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ እንደምትገኝም ለኤአዩ ንገሪው፤ አለዚያ ፍጥነትሽን ቆላ ላይ ከሚሮጥ ሰው ጋር ያነጻጽረዋል።

የሚቀጥለው እሁድ ሮጠሽ አፑ ላይ እሁድ 5፡30 ካሳየሽ ስልኩ ተስተካክሏል። አፑ ትክክል ሆኖ ኤአዩ 2፡30 ካለሽ፣ አዲስ የምታስገቢው ማገናኛ የግሪንዊችን ሰዓት እንዳለ እያሳለፈ ነው። «3 ሰዓት ደምርበት» በዪው። የሱቁ ልጅ «ፓስወርዱን ላስገባና ላስተካክልልሽ» ቢልሽ ግን እሺ እንዳትዪ። እሱ የጫነውን ማገናኛ አጥፊና በእጅሽ ባወረድሽው ዝርዝር ሥሪ።