የፋብሪካውን አምፕ ሳይነቅሉ ቴፕ መቀየር

ወንድሜ፣ የቶዮታህን ቴፕ አውጥተህ አንድሮይድ ስክሪን ብታስገባ አብሮት የመጣው የጄቢኤል አምፕ (ለስፒከሮቹ ጉልበት የሚሰጠው ሳጥን) ይሠራል ወይ ብለሃል። አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይሠራል። አምፑን አትንካው። ስፒከሮቹ ለእሱ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ብዙ ጊዜ 2 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ናቸው፣ ስክሪኑ ግን የሚፈልገው 4 ነው። ስፒከሮቹን በቀጥታ ከስክሪኑ ጋር ካያያዝካቸው ስክሪኑ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል።

ዋናው ጣጣ ሽቦው ላይ ነው። ከስክሪኑ ከሚወጡት ሽቦዎች ሰማያዊ ሆና ነጭ መስመር ያለባትን ፈልግ። አምፑን የምታስነሳው እሷ ናት። ካልታሰረች ስክሪኑ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ድምፅ ግን የለም። ድፍን ሰማያዊዋ የአንቴና ናት፤ ኃይል የምታገኘው ሬዲዮ ሲከፈት ነው። ቸኩሎ እሷ ላይ የሚያስር ባለሙያ አይጠፋም። ሬዲዮ ስትከፍት ሁሉም ሰላም ነው፤ ወደ ብሉቱዝ ስትዞር ጭጭ! ያኔ “አምፑ ሞቷል” ቢልህ እንዳትሰማው።

ለአምፑ ድምፁን በስፒከር ሽቦ ሳይሆን በአርሲኤ (ያልጎላ ድምፅ በሚያስተላልፈው ክብ መሰኪያ) ስጠው፤ አለዚያ ትንሽ ከፍ ስታደርገው ይሻክራል። ለጄቢኤል ቶዮታ የሚሆን፣ አርሲኤ ያለው ማገናኛ ይሸጣል። የፋብሪካውን ሽቦ ግን አታስቆርጥ።

መኪናው ድምፅ በፋይበር ኦፕቲክ የሚያስተላልፍ ቢኤምደብሊው ወይም መርሴዲስ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነበር፤ እዚያ ለብቻው ዲኮደር (በብርሃን የሚሄደውን ድምፅና የስክሪኑን ድምፅ የሚያግባባ ዕቃ) ያስፈልጋል።