ጣና ላይ ያነሳሁት ፎቶ ደጀን ላይ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ለራሴ የምነካካት አንዲት ፕሮግራም አለችኝ። ስልኬ በጂፒኤስ የመዘገበውን መንገድ ካርታ ላይ ትስልና ፎቶዎቹን በየተነሱበት ቦታ ትለጥፋለች። በቅርቡ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና ሄድን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው የወጣነው። በስልክ ያነሳሁት ሁሉ ልክ ነው። የካሜራው ግን ጉድ ነው። አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ያነሳሁት ፔሊካን ደጀን አካባቢ ተለጥፏል፤ የዓባይ በረሃ ፎቶዎች ደግሞ ጭራሽ ካርታው ላይ የሉም። ጂፒኤሱ ነው የተበላሸው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጂፒኤሱን ተወው፣ ምንም አልሆነም። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ጂፒኤስ የሌለው ካሜራ የት እንዳለ አያውቅም፤ ፎቶው ላይ የሚጽፈው ሰዓት ብቻ ነው። ፕሮግራምህ ያንን ሰዓት ይዛ "በዚህ ሰዓት የት ነበሩ?" እያለች መንገዱ ላይ ትፈልጋለች።

እንደኔ ግምት ካሜራህን የሞላኸው በሀበሻ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ 3:00 ብለህ፣ ስልክህ ግን 9:00 እያለ። በቃ፣ ካሜራው 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። የጣናውን ፎቶ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አነሳኸው፣ ካሜራው 11:00 ብሎ ጻፈ፣ ፕሮግራሟ ደግሞ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ብላ ተረዳችው፤ ያን ጊዜ ገና ደጀን አካባቢ ነበራችሁ። የዓባይ በረሃዎቹማ ወደ ሌሊት ተገፉ። ስልክህ መመዝገብ ከመጀመሩ በፊት የተነሱ ስለመሰሏት የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች።

አሁን እጅህ ይበላህና "3 ሰዓት ልደምርበት" ትል ይሆናል። ረጋ በል። ስልክህ መንገዱን የሚመዘግብበት የጂፒኤክስ ፋይል የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው፤ ከኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ማለት ነው። በትክክል የተሞላ ካሜራ ከፋይሉ 3 ሰዓት ይቀድማል፣ ያንተ ግን 3 ሰዓት ይዘገያል። ፕሮግራምህ ግን ፋይሉን ወደኛ ሰዓት ቀይራ ነው የምታነበው (ፔሊካኑ ደጀን ላይ መለጠፉ ይህንን ያሳያል)፤ ስለዚህ የሚደመረው 3 ሳይሆን 6 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚምታታው፣ አንዴ ደምሮ አንዴ ቀንሶ ፎቶውን ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያዞር ያመሻል። ኤግዚፍ፣ ማለትም ካሜራ ፎቶው ውስጥ ሰዓትና ሌላ መረጃ የሚጽፍበት ደረጃ፣ የሰዓት ክልሉን መጻፊያ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 ስለሆነ የቆየ ካሜራ ይህንን አይነግርህም።

ያለው ጥሩ ዘዴ ይሄ ነው። ካሜራውን ገና ካላስተካከልከው አትንካው። ስልክህ ላይ ሰከንድ የሚያሳይ ሰዓት ክፈትና በዚያው ካሜራ ፎቶ አንሳው። ፎቶው ውስጥ የሚታየው 9:14:05፣ ካሜራው የጻፈው 3:12:40 ከሆነ ልዩነቱ 6 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ነው። ያንን ለፕሮግራምህ ስጣት። ደቂቃዋን አትናቃት፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳህ ከሆነ አንድ ደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ደግሞ ኦርጅናል ፎቶዎቹ ላይ አትጻፍ፣ ቅጂ ላይ ሥራ። ኮድ መጻፉ ከሰለቸህ ኤግዚፍቱልና ዲጂካም የሚባሉ ፕሮግራሞች ይህንኑ በነጻ ይሠሩልሃል። ግን ለራስህ ብለህ የጀመርከው ነገር ስለሆነ አትተወው ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ ያሉ የምወዳቸውን ቦታዎች በአጫጭር ቪዲዮ ካርታ ላይ ላስቀምጥ ብዬ ሊፍሌት የሚባለውን ድረ ገጽ ላይ ካርታ መሥሪያ ኮድ መማር ጀመርኩ። ነጥቦቼ በሙሉ ጣሊያን አጠገብ ባሕር ውስጥ ናቸው! (ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቁጥሮቹን ገልብጠሻቸዋል የኔ እህት። ሐዋሳ በኬክሮስ 7.05፣ በኬንትሮስ 38.48 አካባቢ ናት። ሲገለበጥ ሜዲትራኒያን ውስጥ፣ ከሰርዲኒያ ደቡብ ምዕራብ ትገቢያለሽ። ጂኦጄሰን (የካርታ ነጥቦች የሚጻፉበት የፋይል ዓይነት) ኬንትሮስን ያስቀድማል፣ ሊፍሌት ደግሞ ኬክሮስን፤ ማን እንዲህ እንዳደረጋቸው እንጃ። ደግነቱ አገራችን ውስጥ ኬክሮስ ከ15 አይበልጥም፣ ኬንትሮስም ከ32 አያንስም። ስለዚህ ትንሿ ቁጥር ሁልጊዜ ኬክሮስ ናት፣ አንድ መስመር ኮድ ይበቃሻል።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፣ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። በሐምሌ ላሊበላን ልሳለም እሄዳለሁ። ልጄ ፎቶና ድምፅ ካርታ ላይ የሚያሳይ ነገር ሠርቶልኛል። ኢንተርኔት በሌለበት ጂፒኤስ ይሠራል ወይ?

መልስ፦ ይሠራል አባታችን። ስልክዎ ሳተላይቶቹን ያዳምጣል እንጂ ምንም አይልክላቸውም። ያለ ዳታ መጀመሪያ ላይ ሊዘገይ ስለሚችል ሰማይ በሚታይበት ቦታ ቆም ብለው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁት። ኢንተርኔት የሚፈልገው ካርታው ነው። ስለዚህ እዚያው ቨርጂኒያ ሳሉ ኦስማንድ የሚባለውን የካርታ መተግበሪያ ይጫኑና የኢትዮጵያን ካርታ ያውርዱ፤ የድምፅና የቪዲዮ ማስታወሻን ከነቦታው የሚይዝ ተጨማሪም አለው።

ቤተ ጊዮርጊስ ጋ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ወደ ታች የተፈለፈለ ስለሆነ ከወረዱ በኋላ ግድግዳው ሰማዩን ይጋርዳል፣ ምልክቱም ከድንጋዩ እየነጠረ ነጥቡን ወዲያ ወዲህ ያዘልለዋል። ቦታውን ላይ አፋፉ ላይ ቆመው ይመዝግቡና ከዚያ ይውረዱ። ዜማ ከመቅዳትዎ በፊት ደግሞ ካህናቱን ያስፈቅዱ። ካሜራ ከያዙ በቨርጂኒያ ሰዓት ይተዉትና ለልጅዎ "7 ሰዓት ደምርበት" ይበሉት፤ መሀል ላይ መቀየር ነው ጣጣ የሚያመጣው። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ሲልኩለት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፣ አለዚያ ቦታውም ሰዓቱም ተሰርዞ ነው የሚደርሰው።